የሽበት ዕጣ

በማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ «ንጹሕ» እያሉ የሚጠሩት ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣለት በንጽህናው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የትናንት የሻይ ብርጭቆ አይጠፋም፣ የሸሚዙ ኮሌታም ቢሆን ብዙ የሚያስመሰግነው አልነበረም። ስሙን ያተረፈው በወሬው ነው። ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባለውን አሠራር ከተማረ ወዲህ «ንጹሕ ፋንክሽን ማለት» ብሎ የጀመረ እንደሆነ፣ ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ይነሣል። ንጹሕ ፋንክሽን ማለት የሰጡትን ተቀብሎ የተጠየቀውን የሚመልስ፣ በመሐል የማንንም ዕቃ የማይነካ የፕሮግራም ክፍል ማለት ነው። በዚህ አሠራር አንዴ የተጻፈ መረጃ አይሰረዝም፣ አይደለዝም፤ ለውጥ ካስፈለገ አሮጌው እንዳለ ይቀመጥና አዲስ ይሠራል።

«ሰውም እንዲህ በሆነ» ይል ነበር።

«እንዲህ የሆነ ሰው ማን ያገባዋል?» ትለዋለች ፈታሿ። ፈታሿ የሥራ ባልደረባው ናት፤ እነ ንጹሕ የጻፉትን ፕሮግራም እያገላበጠች ስሕተት የምታወጣ፣ ያለ እሷ ፊርማ ምንም ነገር ከዚያ ክፍል የማይወጣ።

ያን ሰሞን ከተማው አዲስ የገበያ አዳራሽ አሠርቶ ጨርሶ ነበር። መንገድ ዳር ጃንጥላ ተክለው የሚሸጡት ከሺህ በላይ ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሱቆች ግን መቶ ሃያ ብቻ። ማን ይግባ? ዕጣ ይውጣ ተባለ። ዕጣውን ሰው በእጁ እንዳይነካው ደግሞ ኮምፒውተር ያውጣው ተባለና ሥራው ለንጹሕ ተሰጠ።

አንድ ነገር መጀመሪያውኑ ተናግሯል። ኃላፊው ቢሮ ገብቶ፣ «ከተመዝጋቢዎቹ መሐል አክስቴ አለችበት» አላቸው።

ኃላፊው ሳቁ። «ኮምፒውተር አክስት አያውቅም፤ ሂድና ሥራህን ሥራ።»

አክስቱ የልብስ ቁልፍና ክር ሻጭ ናት። እናቱ ስትሞትበት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ አንሥታ ያሳደገችው እሷ ናት። ከጃንጥላዋ ሥር ተቀምጦ ቁልፎቹን በየቀለማቸው እየለየ ነው ያደገው። አሁን ጉልበቷ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ ይነግራታል፤ ፊቷንም ፀሐይ አጥቁሮታል። ገበያው ውስጥ እትዬ ነው የሚሏት፣ ታላላቆቿም ጭምር።

ነጋዴዎቹ ሁሉ ፈቃድ ባወጡበት ተራ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር አላቸው። ንጹሕ ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ በተደረደረ ስብስብ ውስጥ አስገባቸው። እንዲህ ያለው ስብስብ በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ዛፍ ነው፤ በየቅርንጫፉ ትንሹ ወደ ግራ፣ ትልቁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዛፉ አንድን ቁጥር ፈልግልኝ ቢሉት ባንዳፍታ ያገኛል። ዕጣው አርባን ቢያወጣና አርባኛውን ሰው ስጠኝ ቢሉት ግን ስንት ሰው የት እንዳለ አያውቅምና ከመጀመሪያው እየቆጠረ ይሄዳል። ንጹሕ መጀመሪያ የጻፈው እንዲያ የሚቆጥረውን ነበር፤ በትክክል ይሠራል። ግን አላማረውም። እንደ ሕፃን አንድ፣ ሁለት እያሉ መቁጠር ለእሱ የሚመጥን አልመሰለውም።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ዘዴ ብልጭ አለለት። ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ባለው ውስጥ በዘፈቀደ አንድ ቁጥር ይነሣ፤ የዚያ ቁጥር ባለቤት ካለ እሱ ይውጣ፤ ከሌለ ደግሞ ከእሱ በላይ ያለው የመጀመሪያው ሰው ይውጣ። መቁጠር የለም፣ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከአንድ እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች አስገብቶ ደጋግሞ ሞከረው፤ ሁሉም እኩል ወጡ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ መስመሯን እንደ ልጁ ፎቶ አያት።

ፈታሿ አነበበችና፣ «በእውነተኞቹ ቁጥሮች ሞክረኸዋል?» አለችው።

«ምን ልዩነት አለው? ሒሳብ ሰው አይለይም።»

«እስቲ ብንሞክረው ምን ይጎዳናል?»

ክፍሉ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ያንን ረስቶት አልነበረም። «ያልገባሽ ነገር ሲሆን ፈርሚና እለፊ» አላት።

አንድ ሁለቱ ሳቁ። እሷ ፈረመችና ወደ ቦታዋ ሄደች።

ዕጣው የወጣው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። ንጹሕ ፋንክሽን ተመሳሳይ ነገር ሲሰጡት ሁሌም ተመሳሳይ ነው የሚመልሰው፤ ዕጣ እንዲሆን መነሻ ቁጥር ከውጭ መቀበል አለበት። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ ከየወንበሩ ቁጥር እየጠራ መነሻውን ሰጠ። አንዱ ሰባት፣ አንዷ ዜሮ፣ አንዱ ደግሞ የልጆቹን ብዛት ጠርቶ አሣቃቸው። ከዚያ ስሞቹ በሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ ሽማግሌ፣ ባልቴት። አክስቱ ከበሩ አጠገብ ያለው ሱቅ ደረሳት። በሁለት እጇ አፏን ይዛ ብዙ ቆየች። ከጎኗ ያለው ጫማ ሰፊ፣ ጥርሱ የሳሳ ሽማግሌ፣ «እግዜር ሽበት አየ» አለ፤ ቃሉ ከወንበር ወንበር ዞረ። ያልደረሳቸውም ቢሆኑ ብዙ አላጉረመረሙም። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ የበላቸው ናቸው፣ ይገባቸዋል ተባለ። ኃላፊው ንጹሕን ሰው ፊት ጨበጡት።

ከአክስቱ ጃንጥላ ቀጥሎ ካልሲ የምትሸጥ ወጣት እናት ነበረች፤ ፈቃድ ካወጣች ገና ሁለት ዓመቷ። ሲወጣ በሩ ላይ አገኘችው።

«ሰው መርጦ ቢሆን ያንገበግበኝ ነበር» አለችው። «ዕጣ ነው ሲባል ግን ልቤ አረፈ። ዕጣዬ ካልሆነ ምን አደርጋለሁ?»

ያን ቀን ይህን ቃል ሲሰማ ደስ ነው ያለው። በኋላ ያንን ደስታውን ሲያስታውስ ነበር ብቻውን ሆኖ እንኳ ፊቱን የሚሸፍነው።

ሱቆቹ ሲከፈቱ ለአክስቱ መደርደሪያ ሊመታላት ሄደ። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። ከታች ጫማ ሰፊውና ሁለት ሌሎች ባለሱቆች የፈቃድ ካርዳቸውን እያወጡ ማን ይበልጥ የቆየ እንደሆነ ይፎካከራሉ።

«የኔ ከአክስትህ ቁጥር ቀጥሎ ነው» አለ ጫማ ሰፊው። «በመሐላችን የነበረው ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ አገር ለቋል።»

«እስቲ ከዚህ መተላለፊያ ጥቁር ጠጉር ያለው ሰው ፈልጉልኝ» አለ ሌላው፤ ተሣሣቁ።

ንጹሕም ሚስማሩን እንደያዘ ሣቀ። ከቆመበት ሆኖ መተላለፊያውን እስከ ጫፉ አየው። እውነትም ጥቁር ጠጉር የለም። ከተመዘገቡት ነጋዴዎች የሚበዙት ደግሞ ወጣቶች ናቸው። መዶሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ምነው፣ አመመህ?» አለችው አክስቱ።

«አይ፣ ሚስማሩ አንሶኛል፤ ላምጣ» ብሎ ወጣ። በደረት ኪሱ ሚስማር ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ፣ ሰዉ ምሳ ሲወጣለት፣ ፕሮግራሙን ከፈተ። ሕዝቡ የጠራውን መነሻ መልሶ ሰጠው፤ ያንኑ ውጤት መለሰለት። ከዚያ መነሻውን እየቀያየረ ሺህ ጊዜ ዕጣ አወጣና እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚወጣ አየ። አክስቱ በየዕጣው ማለት ይቻላል ትወጣለች። ካልሲ ሻጯ ከስንት አንዴ። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ያሳፈረውም ቅለቱ ነው። የቆዩት ነጋዴዎች ቁጥር መሐል ብዙ ባዶ አለ፤ በዘፈቀደ የተነሣው ቁጥር ባዶው ላይ ባረፈ ቁጥር ከባዶው ቀጥሎ ላለው ሰው ይሰጣል። የአዲሶቹ ቁጥር ደግሞ ጠበብ ብሎ የተደረደረ ነው፤ ለአንድ ሰው አንዲት ቁጥር ብቻ ትደርሰዋለች። እሱ የሞከረበት ከአንድ እስከ መቶ ምንም ባዶ አልነበረውም። ብቻውን ተቀምጦ ጆሮው ድረስ ጋለ። የፈታሿ ወንበር ከፊት ለፊቱ ነበር፤ ሹራቧን ጣል አድርጋበት ወጥታለች። ወደዚያ ማየት አልቻለም።

ያኔውኑ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። ዛሬ ነገ ሲል ቀን ቀንን ወለደ። ሽማግሌዎቹ ይገባቸዋል እኮ፣ ማን ተጎዳ፣ ማን ጠየቀ እያለ ራሱን ያባብላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ ሰው ስለ ዕጣው ሲያመሰግነው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ምን አይደል» ይላል። ስለ ንጹሕ ፋንክሽን ማውራቱን ግን ተወ። የቢሮው ሰዎች በመጀመሪያ ተገላገልን አሉ፤ ቆይተው ደግሞ ልጁ ምን ነክቶት ነው ማለት ጀመሩ። በገበያው በኩል ማለፍም ፈርቶ በሌላ መንገድ እየዞረ መሄድ ያዘ።

አንድ ቀን ዝናብ አስገደደውና በዚያው በኩል አቋረጠ። ካልሲ ሻጯ ዕቃዋን በላስቲክ ሸፍና ከጃንጥላዋ ሥር ቆማለች። ጠራችው፤ ሊያመልጣት አልቻለም።

«አንተ የተማርክ ነህና ልጠይቅህ» አለችው። «ቁጥር እድለ ቢስ ይሆናል? እኅቴ ፈቃድሽን መልሺና በሌላ ቁጥር አውጪ ትለኛለች። ሌላ ዕጣ ካለ እንዲያ ባደርግ ይሻላል?»

ዝናቡ በኮሌታው ይገባል። አሁን እንዲህ ነው ብሎ መንገር ይችል ነበር።

«ቁጥርሽ ምንም የለበትም» አላት።

«እንዲያ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ዕቃዋ ዞረች።

ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስሕተት ነበር የሠራው፤ አሁን ግን ዓይኗን እያየ ዋሻት። ልብሱ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ቢሮ ገባና ፈታሿ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

«ዕጣው የተሳሳተ ነው» አላት። ሁሉንም ነገራት።

ጨርሶ ሲያበቃ ጠየቀችው። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሱቆቹ በተከፈቱ በማግሥቱ።»

«ይኸው ሁለተኛ ወር ሊሆን አይደል እንዴ?»

አንገቱን ደፋ።

«እኔም ፈርሜበታለሁ» አለች ሹራቧን እየለበሰች። «ሲከፋኝ ጊዜ እልህ ይዞኝ ነው የፈረምኩት፤ ሳልፈትሽ። ተነሥ፣ አብረን እንግባ።»

ኃላፊው ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ማን ከሰሰ?»

«ማንም» አለ ንጹሕ።

«ታዲያ ሽማግሌ ከሱቅ አውጥቼ ምን ልበል? ኮምፒውተራችን ተሳስቶ ነበር ልበል?»

«ኮምፒውተሩ ያልኩትን ነው ያደረገው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አክስትህ ያለችበት ነገር እኮ ነው። ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እንግዲያ ስብሰባ እጠራለሁ። የምትናገረው ግን አንተው ነህ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም።»

ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት አክስቱ ቤት ሄደ፤ ከሰው ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብሎ። እራት አቀረበችለት። የሱቁን ነገር አንሥታ አትጠግብም፤ ጉልበቷ እንደ ተሻላት፣ ቁልፎቹን በመስታወት ዕቃ አድርጋ ከበሩ ፊት እንደ ደረደረቻቸው፣ ደንበኛ ቆሞ ሲያያቸው ደስ እንደሚላት። በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ደኅና እደሪ ብሏት ወጣ። አንዲት ቃል አልነገራትም።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። ንጹሕ የጻፈው ወረቀት ነበረው፤ ሲቆም ግን ፊደሎቹ ተደባለቁበት። ወንበሮቹን አየ። ከፊት ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ጫማ ሰፊውና አንድ ሌላ ሽማግሌ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ያለው አግዳሚ ላይ ወጣቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል።

«ዓይኔን ጨፍኜ ድንጋይ ብወረውር» አለ፣ «ድንጋዩ ላረፈበት ሰው ሱቅ ልስጥ። ባዶ ቦታ ላይ ካረፈ ደግሞ ቀጥሎ ላለው ልስጥ። ለማን ይደርሳል? ከጎኑ ሰፊ ባዶ ላለው ነው። ከኋላ ያላችሁት ተጣብቃችኋል፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ የተቀመጣችሁባት ቦታ ብቻ ናት። የጻፍኩት ፕሮግራም በፈቃድ ቁጥራችሁ እንዲያ ነበር ያደረገው። ይፈተሽ ተብዬ እንቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ካወቅሁት በኋላም ደብቄአችሁ ከርሜያለሁ።»

ያኔ ጫማ ሰፊው ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ልጄ፣ ባዶ ትለዋለህ» አለ። «ባዶው ከጎናችን የሞቱብን ሰዎች ናቸው እኮ።»

ንጹሕ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ለአክስቱ ብሎ ነው የሠራው!» አለ። ጫጫታው ተነሣ። ኃላፊው እንዳሉት አፋቸውን አልከፈቱም። የተነሣችው አክስቱ ናት፤ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ። እትዬ ስትነሣ ሰዉ ጸጥ አለ።

«ይህ ልጅ ለእኔ ብሎ አይሰርቅም» አለች። «ለእኔ የሚያስብ ቢሆንማ፣ ትናንት ማታ ገበታዬ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ይነግረኝ ነበር።»

ያንን ብላ ወጣች። ዘወር ብላም አላየችው።

ዕጣው ዳግመኛ ወጣ። ንጹሕ መጀመሪያ ወደ ጻፈው፣ አንድ ሁለት እያለ ወደሚቆጥረው ተመለሰ፤ ፈታሿ በእውነተኞቹ ቁጥሮች ቀኑን ሙሉ ፈተነችው። ሕዝቡ ቁጥር ጠራ፤ አሁን ግን የሣቀ የለም። ከሽማግሌዎቹ ጥቂቶቹ እንደገና ደረሳቸው፣ ጫማ ሰፊውም አንዱ ነው። ብዙ ወጣቶች ገቡ። ለአክስቱ አልደረሳትም።

ለካልሲ ሻጯም አልደረሳትም። ንጹሕ ፈልጎ ሄደና ቁጥርሽ ምንም የለበትም ያልኩሽ ውሸቴን ነበር አላት። ካልሲዎቹን በጥንድ በጥንድ እያጠፈች ሰማችው።

«በፊት ዕጣዬ ነው ብዬ ተኝቼ ማደር ጀምሬ ነበር» አለች። «አሁን ይሄኛው ትክክል ነው ብትሉኝ በምን አምናለሁ?»

«ልክ ነሽ» አላት።

የአክስቱን ዕቃ ከሱቁ ያወጣው እሱ ነው። ራሱ የመታውን መደርደሪያ ራሱ ነቀለው። እሷ ቁልፎቹን በየሣጥናቸው ትከታለች፤ ይህን አንሣ፣ ያንን አስቀምጥ ከማለት ሌላ አላናገረችውም። በሳምንቱ፣ ቢሮው ውስጥ እነዚያው የሣቁት ሰዎች ባሉበት፣ ፈታሿን ይቅርታ ጠየቃት። እሷም፣ «እንግዲህ በእኔ እጅ ሳያልፍ አንዲት መስመር አትወጣልህም» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ የእሱን ፕሮግራም ከሁሉም አብልጣ ታበጥር ነበር። ንጹሕ የሚለው ቅጽል ከዚያ ወዲህ ከሰው አፍ ጠፋ፤ ማንም ተው ሳይል በራሱ ቀረ። ያ ደግሞ ቢቀልዱበት ከሚሰማው ይልቅ አሳፈረው።

አክስቱ ወራት ሙሉ ቤቱ አልመጣችም። እሱ ሲሄድ በር ትከፍታለች፣ ውሃ ትሰጠዋለች፣ ታዳምጠዋለች፤ ጨዋታ ግን አትጨምርም። አንድ እሑድ ራሷ ደወለች።

«ጎረቤቴ እየደወልኩ አታነሺም ትለኛለች። ስልኩ ዝም ብሏል፤ ና እየው።»

መንገዱን እንዴት እንደ ጨረሰው አያውቅም። ስልኳ ድምፁ ጠፍቶ ነበር እንጂ ምንም አልሆነም፤ ከጎኑ ያለውን የድምፅ ቁልፍ ነካ አድርጎ መለሰላት። እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

«ያን ማታ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።

«አፈርኩ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሱቁስ ይቅር። እኔን ያንገበገበኝ፣ እንደ ባዕድ መቁጠርህ ነው። አልጋ ላይ የሸናህ ዕለት እንኳ ቀድመህ ለእኔ ነበር የምትነግረው።»

ይሣቅ ወይስ ያልቅስ አላወቀም። እሷም አልሣቀችም። ሸሚዙን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ ከዚያ ወደ እሱ ወረወረችው። የእሱ ሸሚዝ ነበር፤ መቼ ትቶት እንደ ሄደ ትዝ አላለውም።

«ልበሰውና ልየው» አለች።

ለበሰው። ጠበበው። እሷም «ወፍረሃል» ብላ መርፌዋን እንደገና አነሣችና ቁልፉን ፈትታ ወደ ጠርዙ ልታጠጋው ጎንበስ አለች። እሱ ሳይንቀሳቀስ ቆመላት።